መሣሪያ በፖስታ መላክ፦ ሕጉ የፈቀደውና ካውንተሩ የማይቀበለው

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ኢሚግሬሽን፣ ስለ ታክስና ስለ ጤና ኢንሹራንስ የምታወጧቸው ማብራሪያዎች በአሜሪካ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙ ጠቅመውናል። ሰው በየቡና ቤቱ እየተጠያየቀ፣ እርግጠኛ መልስ ሳያገኝ በስሚ ስሚ የሚሠራበት አንድ ጉዳይ ግን እስካሁን በገጻችሁ ሲነሳ አላየሁም። ይኸውም አንድ ግለሰብ በሕጋዊ መንገድ የያዘውን ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ በፖስታ ቤት ወይም በዕቃ መላኪያ ድርጅት በኩል መላክ ይችላል ወይ፣ ከቻለስ እንዴት የሚለው ነው። ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ሊከር ስቶር የከፈተው፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሌሊት የሚያድረው፣ ታክሲ የሚነዳው ወገናችን ራሱን ለመጠበቅ ብሎ መሣሪያ መግዛቱ ግን ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰውየው ቤት ሲቀይር፣ መሣሪያው ሲሸጥ ወይም ሲበላሽ፣ አለዚያም ባለቤቱ ሲያርፍ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም።

እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ ዕቃ መላኪያ ሱቅ ውስጥ ካውንተር ላይ እሠራለሁ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ሦስት ጊዜ በፕላስተር የተጠቀለለ ረጅም ካርቶን ይዘው መጡ። «ጋሼ፣ ውስጡ ምንድን ነው?» ስላቸው «የካሜራ ማቆሚያ ነው» አሉኝ። ካርቶኑን ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ክብደቱ ወደ አንድ ጫፍ አደላ፤ እኔ ዝም ብዬ ባያቸው እሳቸውም አላስቻላቸውም። የአደን ጠመንጃ ነበር፤ ከዓመታት በፊት በስማቸው የገዙት፣ ቴክሳስ ለሚኖር ልጃቸው ሊሰጡት ያሰቡት። እንደማልቀበላቸው ስነግራቸው «የራሴን ንብረት ለገዛ ልጄ ብልክ ማንን ይመለከታል፣ የእኔ ልጅ?» አሉ። ንግግራቸው ቅንነት እንጂ ተንኮል አልነበረበትም። «ማቆሚያ ነው በላቸው» ብሎ የመከራቸው ሰው እንደነበረም ነገሩኝ፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ጠመንጃው ሳይሆን ይኸው ምክር ነው።

የፌዴራሉ ሕግ ዝምድናን አይቆጥርም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ እንደሚለው የመሣሪያ ንግድ የፌዴራል ፈቃድ የሌለው ሰው በሌላ ክፍለ ግዛት ለሚኖር፣ እንደ እሱ ፈቃድ ለሌለው ሰው መሣሪያ በቀጥታ መሸጥም፣ መስጠትም፣ መላክም አይችልም፤ ተቀባዩ ልጅም ይሁን ወንድም ልዩነት የለውም። እያወቀ የተላለፈ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። የተፈቀደው መንገድ መሣሪያውን በተቀባዩ ክፍለ ግዛት ለሚገኝ የፌዴራል ፈቃድ ላለው የመሣሪያ ነጋዴ መላክ ነው። ነጋዴው መሣሪያውን መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፣ ተቀባዩን ፎርም 4473 የተባለውን የፌዴራል መሣሪያ መረከቢያ ቅጽ ያስሞላል፣ የባክግራውንድ ቼኩን ያደርጋል፣ ከዚያ በኋላ ያስረክባል። ለውርስ የተለየ ድንጋጌ አለ፤ በኑዛዜ ወይም ያለ ኑዛዜ የወረሰ ሰው በሚኖርበት ክፍለ ግዛት ያንን መሣሪያ መያዝ እስከተፈቀደለት ድረስ ነጋዴ በመሐል ሳይገባ ሊረከብ ይችላል። መረከብ ይችላል ማለት ግን መላኪያው ድርጅት ይቀበለዋል ማለት አይደለም፤ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደተወሳሰበ ለመረዳት ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይጠቅማል። ኮንግረስ በ1927 ባወጣው ሕግ በልብስ ውስጥ ሊደበቁ የሚችሉ መሣሪያዎች፣ በዋናነት ሽጉጦች፣ በፖስታ ቤት እንዳይላኩ ከለከለ። ክልከላው የመንግሥትን ፖስታ ቤት ብቻ የሚመለከት ስለነበር የግል መላኪያ ድርጅቶች በር ክፍት ሆኖ ቀረ። ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ በ1963 መጀመሪያ ላይ በሐሰት ስም ሁለት መሣሪያዎች በደብዳቤ አዘዘ። ጠመንጃው ከቺካጎ በፖስታ ተልኮ ዳላስ በሚገኘው የፖስታ ሣጥኑ ደረሰው፤ ሽጉጡ ግን በፖስታ መሄድ ስለማይችል ከሎስ አንጀለስ የመጣለት በግል ድርጅት፣ በሬልዌይ ኤክስፕረስ በኩል ነበር። ሁለቱንም ሲረከብ ማንነቱን በቅጡ ያጣራ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በዚያ ጠመንጃ ተገደሉ። ሴናተር ቶማስ ዶድ ከግድያው በፊት ጀምረው በደብዳቤ ታዝዞ የሚመጣ መሣሪያ እንዲገታ ሲወተውቱ ቢቆዩም ሕጉ የወጣው ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በ1968 ከተገደሉ በኋላ ነው፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙበትም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተገላብጧል። ያኔ ለማንም ክፍት የነበሩት የግል ድርጅቶች አሁን ለግለሰብ ተዘግተዋል። ዩፒኤስም ፌዴክስም በራሳቸው የውል ደንብ መሣሪያ የሚቀበሉት የፌዴራል ፈቃድ ካላቸውና ከድርጅቱ ጋር የተለየ ስምምነት ከፈረሙ ላኪዎች ነው። ይህ የኮንግረስ ሕግ ሳይሆን የድርጅቶቹ የራሳቸው ውሳኔ ነው፤ ለዚህ ነው አንድ ሰው የመሣሪያ ሕጉን የሚያስፈጽመውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የኤቲኤፍን፣ ድረ ገጽ አንብቦ «ግለሰብ በመላኪያ ድርጅት ለነጋዴ መላክ ይችላል» የሚል ካገኘ በኋላ ካውንተራችን ላይ ሲደርስ «አይቻልም» የሚባለው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በአንጻሩ የተዘጋ የሚመስለን ፖስታ ቤት ረጃጅም ጠመንጃዎችን፣ ሾትጋንን ጨምሮ፣ ከግለሰብ ይቀበላል፤ ጥይቱ የወጣለት መሆን አለበት፤ ተቀባዩም እዚያው ክፍለ ግዛት ውስጥ የሚኖርና መሣሪያ መያዝ ያልተከለከለ ሰው ወይም በየትኛውም ክፍለ ግዛት ያለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ መሆን ይኖርበታል። ለአደን ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት የሚጓዝ ሰውም ጠመንጃውን በራሱ ስም፣ እዚያ በሚኖር ሰው አድራሻ በኩል ለራሱ መላክ ይችላል፤ የአድራሻው ባለቤት ግን ጥቅሉን መክፈት የለበትም። በ1927ቱ ሕግ ሽጉጥን ከግለሰብ በፖስታ መላክ እስከ 2 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። የዚህ ሕግ ሕገ መንግሥታዊነት በአሁኑ ጊዜ ክርክር ተነስቶበታል፤ ክርክር ተነሳ ማለት ግን ካርቶን ይዞ ፖስታ ቤት መሄድ ይቻላል ማለት ስላልሆነ አስቀድሞ መጠየቁ ግዴታ ነው። ጥይት በፖስታ ጨርሶ አይላክም።

ታዲያ አዛውንቱ ምን ማድረግ ነበረባቸው? የነገርኳቸውን ልጻፈው። ልጃቸው ቴክሳስ ውስጥ በአቅራቢያው ወዳለ የመሣሪያ ሱቅ ደውሎ «ከግለሰብ የሚመጣ ትቀበላላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከነጋዴ ብቻ የሚቀበሉ ሱቆች ስላሉ ይህ ጥሪ ሊዘለል አይገባውም። ሱቁ እሺ ካለ የፈቃዱን ቅጂ ይልካል፤ ፈቃዱ የጸና መሆኑን ማንም ሰው በኤቲኤፍ ድረ ገጽ ላይ ማጣራት ይችላል። ከዚያ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ጠመንጃውን ራሳቸው በፖስታ ቤት፣ በኢንሹራንስና በፊርማ እንዲረከቡት አድርገው፣ የመንጃ ፈቃዳቸውን ቅጂ ካርቶኑ ውስጥ ጨምረው መላክ ነው፤ የተቀባዩ ሱቅ ከማን እንደመጣ መዝገብ ላይ ማስፈር ስላለበት ቅጂውን ይፈልገዋል። ሁለተኛው እዚሁ ቨርጂኒያ ወደሚገኝ የመሣሪያ ሱቅ ወስደው እንዲልክላቸው መክፈል ነው። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ በሁለቱም ወገን ስለሚከፈል ለአሮጌ ጠመንጃ ውድ ሊመስል ይችላል። ለሽጉጥ ግን ከዚህ ከሁለተኛው ሌላ የምመክረው መንገድ የለኝም። ካርቶኑ ላይ «መሣሪያ» የሚል ምንም ምልክት አይለጠፍም፤ መላኪያ ድርጅት እንዲህ ያለ ምልክት እንዲለጠፍ ማስገደድ እንደማይችል ሕጉ ራሱ ይደነግጋል፤ ምክንያቱም ስርቆት ነው።

መሣሪያው ለጥገና የሚላክ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ባለቤቱ ወደ አምራቹ ፋብሪካ ሊልክ ይችላል፤ ፋብሪካውም ጠግኖ ያንኑ መሣሪያ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ቤት መመለስ ይፈቀድለታል። ብዙዎቹ አምራቾች ሲደወልላቸው በራሳቸው ሂሳብ የተከፈለበት የመላኪያ ወረቀት ስለሚልኩ መጀመሪያ መደወሉ ይሻላል። ቤት የሚቀይር ሰው ደግሞ በአብዛኛው መላክም አያስፈልገውም፤ የራሱን መሣሪያ ጥይቱን አውጥቶ፣ ተቆላፊ ሣጥን ውስጥ አድርጎ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይዞ መሄድ ወይም አውሮፕላን ማረፊያ ካውንተር ላይ አስመዝግቦ በጠንካራ ተቆላፊ ሻንጣ ከሚጫን ጓዙ ጋር ማስገባት ይችላል። የሚደርስበትን ክፍለ ግዛት ሕግ ግን አስቀድሞ ይወቅ። ከቨርጂኒያ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ ለመኖር የገባ ሰው ሽጉጡን በ90 ቀናት ውስጥ ማስመዝገብ አለበት፤ እዚያ አዲስ ሽጉጥ የሚገዛም የ7 ቀን መጠበቂያ አለበት።

አሁን እኛን በተለይ ወደሚመለከተው ልምጣ። አሜሪካዊ ዜጋ በመሣሪያ ጉዳይ ቢፈረድበት ይቀጣል፣ ይታሰራል፣ ጨርሶ ይወጣል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን በመሣሪያ ሕግ ጥሰት ጥፋተኛ ከተባለ የኢሚግሬሽን ሕጉ ይህን ራሱን የቻለ ከአገር የማስወጫ ምክንያት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሃያ ዓመት የኖረ፣ ቤት የገዛ፣ ልጆች የወለደ ሰው ጉዳዩ ኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በስተቀር መሣሪያ መያዝም ሆነ መረከብ አይፈቀድለትም፤ ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰው ጨርሶ የተከለከለ ነው። ስለዚህ «ማቆሚያ ነው በላቸው» ብሎ የሚመክር ዜጋ፣ ምክሩን ከሚቀበለው ባለ ግሪን ካርድ ጋር እኩል የሚያጣው ነገር እንደሌለ ልብ ሊል ይገባል።

ወደ አገር ቤት ስለመላክም የሚጠይቁ አሉ፤ በበርሜልና በኮንቴይነር ልብስና ዕቃ ስለምንልክ ይመስለኛል። በዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ከአሜሪካ መሣሪያ ማስወጣት የንግድ ሚኒስቴሩን የኤክስፖርት ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም በኩል የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል። በርሜል ውስጥ በልብስ ጠቅልሎ የሚልክ ሰው የሁለት አገር ሕግ ይጥሳል፤ ዕቃውን የሚረከቡትን ዘመዶቹንም ለመከራ ይዳርጋል።

መላኪያ ድርጅቶቹ ከግለሰብ አንቀበልም ማለታቸውን እኔ በግሌ አልቃወምም፤ በመንገድ ላይ የሚጠፋና የሚሰረቅ መሣሪያ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅምና። የምቃወመው ዝምታቸውን ነው። እኔ የምሠራበትን ጨምሮ በማውቃቸው ሱቆች ግድግዳ ላይ ባትሪ፣ ሽቶና ቀለም ስለመላክ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ስለ መሣሪያ ግን ደንቡ ያለው ረጅም ውል ውስጥ፣ ማንም የማያነበው ገጽ ላይ ነው። እንግሊዝኛው የማይቸግረው ሰው እንኳ የማያገኘውን ደንብ አዛውንቱ ከየት ያገኙታል? «ውስጡ ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቅ አብዛኛው ሰው ጥያቄው የክስ መጀመሪያ ይመስለዋል፤ እውነቱን ተናግሮ «ይህን እዚህ አንቀበልም፣ በዚህ በኩል ይሂዱ» ተብሎ በሰላም እንደሚመለስ የነገረው የለም። መዋሸት ቀላል ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ላኪው ፈቃድ ለሌለው ሰው ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት መሣሪያ ሲልክ ለአጓጓዡ በጽሑፍ ማሳወቅ እንዳለበት ሕጉ ስለሚያዝ፣ «የካሜራ ማቆሚያ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ሌላ ጥፋት ትጨምራለች።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መጀመሪያ፣ በመሣሪያ ሕግም በኢሚግሬሽንም የሚሠራ ጠበቃ አነጋግራችሁ የቨርጂኒያን፣ የሜሪላንድንና የዋሽንግተን ዲሲን ደንብ ለየብቻ የሚያብራራ ጽሑፍ በአማርኛ ብታወጡ፤ ሦስቱ በጣም ስለሚለያዩ አንዱን አንብቦ በሌላው መሥራት አደጋ አለው። ሁለተኛ፣ በገጻችሁ ማስታወቂያ የሚያወጡ የሐበሻ ዕቃ መላኪያ ሱቆች በካውንተራቸው ላይ በአማርኛና በትግርኛ አጭር ማሳሰቢያ እንዲለጥፉ ብታግባቡልን። አዛውንቱ ካርቶናቸውን ይዘው ከሱቁ ሲወጡ የቅርቡን የመሣሪያ ሱቅ ስልክ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት አስቀድሞ ታትሞ ካውንተሩ ላይ ቢቀመጥ ወጪው የአንድ ጥቅል ፕላስተር ያህል አይሆንም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከሰሜን ቨርጂኒያ