የሰማሽው ዝናብ አይደለም

በርገን፣ ኖርዌይ
ሐምሌ 19

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምቱ እንደማይስማማው አውቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንተ ወንድሜ፣ ስታነብላት እንዳለፈው እየዘለልክ እንዳታነብ፤ ስለ አንተ ምንም ክፉ አልጻፍኩም።

እማዬ፣ ረቡዕ ዕለት ከእትዬ ጋር ሆነን ስንደውልልሽ «ምንድነው እንዲህ የሚያጓራው? ዝናብ ነው እንዴ?» እያልሽ ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግመን ብንሞክር እምቢ አለ። አንቺ ግን «ሁለቱ ሲገናኙ እኔን ዘጉብኝ» ብለሽ ስታማርሪ መዋልሽን ሰምቻለሁ። አልዘጋንብሽም። የሰማሽው ዝናብ ሳይሆን ፏፏቴ ነው። በተቆራረጠ ስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ውሎውን ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ደብዳቤውንና ፎቶዎቹን ይዛልሽ የምትመጣው አብራኝ የምትሠራ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ቡና ሳታጠጪ እንዳትሸኛት።

እትዬን ልጆቿ ሃምሳ ዓመት ሞላሽ ብለው የመርከብ ጉዞ እንደገዙላት ነግራሻለች። መርከቡ ከሚቆምባቸው ወደቦች አንዱ አይድፊዮርድ ይባላል። እኔ ካለሁበት ከበርገን በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ይደርሳል፣ ማታ 12 ሰዓት ይነሣል፤ ተሳፋሪው ግን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ገብቶ ማለቅ አለበት። መርከቡ ራሱ በሚያዘጋጀው አውቶቡስ የሄደ ሰው ቢዘገይ ይጠብቁታል። በራሱ መንገድ የሄደውን ግን ጥለውት ነው የሚሄዱት። እትዬ ይህን ስትሰማ ፈራች። «በማን መኪና?» አለችኝ። በእኔ ስላት ደግሞ የባሰ ፈራች።

አልፈርድባትም። እኔ እኮ ለእሷ አሁንም ከብስክሌት ላይ ወድቄ ግንባሬን የተፈነከትኩት ልጅ ነኝ። ግን እማዬ፣ እዚህ አገር መንጃ ፈቃድ ማውጣት ቀልድ አይደለም። ሆን ተብሎ በውሃና በዘይት በሚያንሸራትት መሬት ላይ አስነድተው፣ መኪናው ሲሽከረከር ምን እንደምታደርጊ ያዩሻል። የከፈልኩበትን ብነግርሽ ስንት በሬ ይገዛ ነበር ብለሽ ትቆጪኛለሽ፤ ስለዚህ አልነግርሽም። መኪናዬ ያገለገለች ትንሽ ኤሌክትሪክ ናት። እናንተም ጋ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በየመንገዱ ታይዋለሽና ምን እንደሆነ አልገልጽልሽም።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሣሁ፤ በዚህ ወር በዚያ ሰዓት ጎህ ቀድቶ አልፏል። ቮስ የምትባለውን ከተማ ካለፍሽ በኋላ መንገዱ ከዋሻ ወጥቶ ዋሻ ይገባል። አንደኛው ዋሻ ውስጥ፣ ብታምኚም ባታምኚም፣ አደባባይ አለ። ተራራ ሆድ ውስጥ በሰማያዊ መብራት የደመቀ አደባባይ! ዞረሽ በአንዱ በኩል ስትወጪ በቀጥታ ድልድይ ላይ ነሽ፤ ከታችሽ ባሕር ነው። ድልድዩን ስትጨርሺ ደግሞ እንደገና ዋሻ፣ እንደገና አደባባይ።

ባሕር ስልሽ እንደ ምጽዋ አይምሰልሽ። ፊዮርድ ይሉታል። ድሮ የበረዶ ግግር ተራራውን እየፋቀ ሸለቆ ቆፈረ፤ በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ገባበት። ግራና ቀኙ ገደል ነው፣ ውሃው ደግሞ ዝም ያለ፤ ሳትቀምሽው ጨው መሆኑን አታውቂም። ይኼኛው ሃርዳንገር የሚባለው 179 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባሕሩ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያህል ወደ ተራራው ውስጥ ገብቷል በይው።

አይድፊዮርድ ስደርስ መርከቡ ቆሟል። ወረዳው በሙሉ ሺህ ሰው ገደማ ነው ያለው፤ መርከቡ ብቻውን የዚያን እጥፍ ሰው ይዞ መጥቶ ከቤቱም ከዛፉም በላይ ተገትሯል። ከሚወርደው ሕዝብ መሀል መጀመሪያ ያየሁት ነጠላዋን ነው፤ ከወፍራም ጃኬት ላይ ጣል አድርጋዋለች። አሥራ አራት ዓመት እማዬ። አጥራለች፤ ወይ እኔ ሳላውቀው ረዝሜያለሁ። ስንተቃቀፍ መንገድ ዘግተን ኖሮ ከኋላ ያሉት በዳር በዳር አለፉን። የመጀመሪያ ቃሏ «ከስተሻል፣ ምን ትበያለሽ እዚህ?» ነበር። የልጅ ልጅሽ ቁመቷ የአባዬ ነው፤ አማርኛዋ ግን ስብርብር። «አክስቴ፣ አንተ ትነጃለህ?» አለችኝ። ሳቅንባት።

እትዬ ሌሊቱን አልተኛችም ነበር። መርከቡ በዚያ እኔ በመጣሁበት ድልድይ ሥር ሲያልፍ ላይኛው ፎቅ ወጥታ ስታይ፣ ጭስ ማውጫው የሚገጨው መስሏት ዓይኗን ጨፍና ነበር። «ከሳን ፍራንሲስኮው ድልድያችን ይረዝማል እንዴ?» አለችኝ። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው 1310 ሜትር ነው፤ ካንቺ አገሩ በ30 ሜትር ይበልጣል አልኳት። ራሴ የሠራሁት ይመስል ኮራሁ።

መጀመሪያ ሽቅብ ወጣን፣ ወደ ቮሪንግስፎሰን ፏፏቴ። መንገዱ በጠባብ ሸለቆ ሄዶ ሄዶ መውጫ ሲያጣ ተራራው ውስጥ ገብቶ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠማዘዛል። ላይ ስትደርሺ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ድንገት ይቆረጣል፣ ውሃውም ተወርውሮ ይወድቃል። 182 ሜትር። የኛው ጢስ ዓባይ አራት ጊዜ ቢደራረብ እንኳ ገና ነው። ገደሉን የሚያሻግር 99 ደረጃ ያለው የብረት ድልድይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተሠርቶለታል። እትዬ ጉልበቷን ይዛ፣ አንድ ሁለት እያለች እየቆጠረች፣ ግማሹ ላይ ቆመች። ከዚያ ነው የደወልንልሽ። ከዝናቡ ጥያቄ ቀጥለሽ «ውሃው ጋ ናችሁ?» ያልሽው ተሰምቶን ነበር፤ ከዚያ ጠፋሽ። እትዬ ስልኩን እንደያዘች «ጢስ ዓባይ ያለን መስሏት ይሆናል» አለች። ብዙ ቆመን ዝም አልን።

አባዬ ለመስከረም እየወሰደ ሲያሳየን ጢሱ ፊታችንን እያራሰው አልጠጋም ብዬ ሱሪው ሥር የምደበቀው ትዝ ይልሻል? አሁን በበጋ የሄደ ሰው እኮ ቋጥኝ ነው የሚያየው። በ1993 ሁለተኛው የመብራት ጣቢያ ከተሠራ ወዲህ ውሃው ወደ ቦዩ ይሄዳል። እዚህም ያው ነው፣ እማዬ። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ያሉ አንድ አዛውንት በጎልማሳነታቸው እዚህ ሲማ የሚባለውን ጣቢያ ሲቆፍሩ ነበር፤ ጣቢያው ያለው ተራራው ውስጥ ነው። ላይ ያለውን ውሃ ገድበው በዋሻ ወሰዱት። ፏፏቴው ጨርሶ እንዳይደርቅ ግን ሕግ አለ፤ ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም መባቻ በሰከንድ ቢያንስ 12 ሜትር ኩብ ይለቀቅለታል። ስልሳ በርሜል በይው፣ በአንድ ሰከንድ። አዛውንቱ ሲነግሩኝ «ለቱሪስት እንከፍተዋለን» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ለእኛስ እንዲህ የተጻፈ ቢኖር ብዬ ቀናሁ።

ስንወርድ በዚያው በሚጠማዘዘው ዋሻ ነበር። ልጅቷ ከኋላ ተኝታለች። እትዬ ፊት ለፊቷን እያየች «አኩርፈሽኝ ነበር አይደል?» አለችኝ።

ወንድሜ፣ ይኼን ዝለለው ልልህ ነበር፤ አትዝለለው።

አባዬ ሲያርፍ እኔ የስደተኞች መጠለያ ነበርኩ፣ ወረቀቴ ገና አልወጣም። መርዶው የደረሰኝ አርባው ካለፈ በኋላ ነው። እትዬ ግን በሦስተኛው ቀን አውቃለች። በዚያ ሁሉ ሳምንት እየደወለች «አባዬ ደህና ነው፣ ተኝቷል» ትለኝ ነበር። ይህንን ይቅር ሳልላት ሰባት ዓመት ኖርኩ። ለበዓል እደውላለሁ፣ እንኳን አደረሰሽ እላለሁ፣ እዘጋለሁ። እሷም ምንም አልተናገረች። ረቡዕ ዕለት ዋሻ ውስጥ «እማዬ ናት። ብቻዋን ናት፣ አጠገቧ ማን አለ፣ ወረቀቷ እስኪወጣ እንዳትነግሪያት ብላ አስምላኝ ነው» አለችኝ።

መሪ ይዤ ባልሆን ምን እንደማደርግ እንጃ። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን እሷም አታወጣውም፣ እኔም አልሰማትም ነበር። መንገድ እያየሽ ስትነጋገሪ ዓይን ለዓይን አትገጣጠሚም። ልክ ነበርሽ አልልሽም፣ እማዬ፤ ተሳስተሻል ለማለትም አልደፍርም። ግን እትዬን ያለ ጥፋቷ ሰባት ዓመት መቅጣቴን አንቺም እንድታውቂው ፈለግሁ። ከዋሻው ስንወጣ የባትሪው ቁጥር ከ51 ወደ 55 ከፍ ብሏል፤ ይቺ መኪና ቁልቁል ስትወርድ ራሷን ትሞላለች። ለእትዬ ያንን አሳየኋት። ሌላ የምናገረው ስላልነበረኝ ነው።

ከዚያ በፊዮርዱ ዳር ወደ ሎፍትሁስ ሄድን። ዳገቱ ሁሉ ፖምና ቼሪ ነው። የፍራፍሬ እርሻን እዚህ ያመጡት ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ መነኮሳት ናቸው ይባላል፤ ወደ ተራራው የሚወጣ 616 የድንጋይ ደረጃም የእነሱ እጅ ሥራ ነው ይላሉ። እትዬ «የዘጌ ቡናም የመነኮሳት ነው» አለች። በማዶ ደግሞ ተራራው አናት ላይ፣ በሐምሌ፣ የፎልገፎና በረዶ ነጭ ሆኖ ተጋድሟል።

መንገድ ዳር ቼሪ የሞላ መደብ አለ፤ ሻጭ ግን የለም። ዋጋው ተጽፏል፤ በቪፕስ፣ ማለት በእነሱ ቴሌብር፣ ልከሽ ወይ ሣጥኑ ውስጥ ጨምረሽ ትወስጃለሽ። የልጅ ልጅሽ አንድ ዕቃ ከፍላ ሁለት ልታነሣ ስትል እትዬ እጇን መታቻት። እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንጀራዬን ዘረጋሁ፤ ረቡዕ ስለሆነ ሽሮና ጎመን ነው የሠራሁት። እትዬ መርከብ ላይ እንቁላል በልታ መምጣቷን ኋላ አመነች። «መንገደኛ አይጾምም» አለችኝ። ሽሮውን ግን ጠርጋ በላችው።

ኦዳን በጥድፊያ አለፍነው፤ የድሮ ፋብሪካ ከተማ ናት። ከእሷ ወዲያ ሎተፎሰን አለ፤ ሁለት ፏፏቴ ጎን ለጎን ወርደው ድልድዩ አጠገብ ይገናኛሉ፣ አልፎ የሚሄደውን መኪና ሁሉ ያጥቡታል። ዝናብ መጥረጊያውን ባስነሣውም አልቻለውም። ልጅቷ ሆን ብላ መስኮት ከፈተች፤ እትዬ እስከ ጉልበቷ ራሰች።

ጉዱ የመጣው ስንመለስ ነው። በኦዳና በሎፍትሁስ መካከል መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው ባሕር። «ኤም» የሚል ምልክት ያለበት ጋ ብቻ ነው ሁለት መኪና የሚተላለፈው። ካምፐር የሚሉት መኝታ ያለው አንድ ትልቅ መኪናና አንድ አውቶቡስ ተፋጠጡ። ካምፐሩ ወደኋላ መንዳት አልቻለም፤ ከእሱ ኋላ አምስት መኪና፣ ስድስተኛዋ እኔ። ሰዓቱ 9 ከሃምሳ። ሁላችንም ወደኋላ መሄድ ነበረብን። እትዬ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች በመስኮት ባሕሩን ታያለች፤ እኔ በመስታወት ቋጥኙን። ልጅቷ ወርዳ እጇን እያወዛወዘች «ና! ና! አቁሚ!» ትለኛለች፤ ወንድና ሴቱን እያቀላቀለች። ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። እዚያ ያለነው ሁሉ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ እጅ እየተነሣሣን ተለያየን። የዚህ አገር ሰው በዚህ ይደንቀኛል፤ ጥሩምባ የነፋ አንድ ሰው የለም።

ወደቡ ስንደርስ 11 ሰዓት ከ18 ነበር። ለመሰነባበት አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ እሱም ካርዷን ቦርሳ ውስጥ ስትፈልግ አለቀ። ለቅሶም አልበቃንም። የቀረውን ቼሪ ልሰጣት ስል «መርከብ ላይ ምግብ መች ጠፋ፣ አንቺ ብዪ፣ ከስተሻል» ብላ መለሰችልኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ድልድዩ አቅራቢያ መኪናዬን አቆምኩና በእግረኛው መንገድ ወጣሁ። ነፋሱ ይገፋል። ቼሪውን እየበላሁ ፍሬውን በኪሴ እያጠራቀምኩ ጠበቅሁ። መርከቡ ዝግ ብሎ መጣ፤ ጭስ ማውጫው እውነትም የሚገጭ ይመስላል። ላይኛው ፎቅ ላይ ሰው ተኮልኩሏል፤ ከመሀል አንድ ነጭ ነገር ይውለበለባል። ነጠላዋ ነው። ስልኬ ጮኸ። «አየሁሽ! አየሁሽ! እዚያ ምን...» አለችና ተቋረጠ።

እና እማዬ፣ በእኔም ተቋርጧል፤ ባንቺ ብቻ አይደለም።

ልጅሽ