የእናንተን ዘፈን ለምን በመጨረሻ እንደምንከፍት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። መኪናችሁ ላይ ቴፕና ስፒከር ገጥመን ስንጨርስ መጀመሪያ የምንፈትነው በእኔ ፍላሽ ላይ ባሉ ቅጂዎች ነው፤ የእናንተ ዘፈን የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ የተነሣ ሰሞኑን ብዙ ወቀሳ ደርሶናል። «ብሬን ከፍዬ የራሴን ዘፈን ተከለከልኩ» ያላችሁን አላችሁ። አንድ የቆዩ ደንበኛችን እንዲያውም ሥራው ሳያልቅ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። ቅዳሜ ዕለት ፀሐይ ላይ ቆማችሁ የጠበቃችሁ፣ ምክንያቱ ሳይነገራችሁ «ስልኩን ይንቀሉት» የተባላችሁ ሁሉ ይቅርታ። ልጆቹን በደንብ እንዲያስረዱ አላስተማርኳቸውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ውሳኔውም የእኔ ነው። እሱን ግን አልቀየርኩትም።

ነገሩ የጀመረው በክረምት፣ በአንድ ቪትዝ ነው። አራት አዲስ ስፒከር ገጠምን። ባለቤቱ በማግስቱ ተመለሱና «የግራው ይሰነጥቃል» አሉ። ከስልካቸው ዘፈን ከፈቱ፤ እውነትም ይሰነጥቃል። ቀየርንላቸው። በሦስተኛው ቀን ደግመው መጡ። አሁንም ከኪሴ ቀየርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ዘፈኑን እንዲልኩልኝ ለመንኳቸውና ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኢርፎን ሰማሁት። ዘፋኟ ድምፅዋን ከፍ የምታደርግበት ቦታ ላይ ያው ስንጥቅ አለ። ስፒከሩ ደህና ነበር። የተበላሸው ዘፈኑ ነው፤ ከቪዲዮ ላይ ተቀድቶ ከስልክ ስልክ ሲዞር የኖረ።

ሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ በሰከንድ 1411 ኪሎቢት መረጃ ይይዛል። 128 ሆኖ የተጨመቀ ኤምፒ3 የዚያን አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ብቻ ነው የያዘው። በብሉቱዝ ሲላክ ደግሞ እንደገና ይጨመቃል። ታዲያ በእሱ ስፒከር ልፈትን?

የወለቁት ስፒከሮች ዛሬም መደርደሪያ ላይ ናቸው። አንዴ የተገጠመ ዕቃ እንደ አዲስ ለሰው አልሸጥም። ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር አሁን ከ100 በላይ ነው። ስፒከሩም፣ የመዳብ ገመዱም፣ ፊውዙም ከውጭ ነው የሚገባው። ያም ሆኖ የእጅ ዋጋችን ላይ የጨመርነው ጥቂት መሆኑን የቆያችሁ ታውቃላችሁ። በአንድ መኪና ሁለት ጊዜ ከከሰርኩ ግን ይህ የለገጣፎ ሱቅ አይቆምም።

ይህን ሥራ ያስጀመረኝ አባቴ ነው። የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ቴፑ ሲበላሽ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል የምጠርገው እኔ ነበርኩ። አባቴ ቴፑ መዳኑን የሚያረጋግጠው ሁልጊዜ በአንድ የበገና ካሴት ነው። «ነዘር ካላለ አልዳነም» ይል ነበር። በገና 10 አውታር አለው፤ ያን ንዝረት የምታመጣው ከየአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትዊተሩ፣ ካልሠራ መጀመሪያ የሚጠፋው ንዝረቱ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ይቀራል። አባቴ ይህን ከማንም አልተማረም። ያን ካሴት እስከ ትንፋሹ ያውቀው ነበር፣ በቃ።

የእኔም ፍላሽ እንደዚያ ነው። ሁሉም ከኦሪጅናል ሲዲ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ሴት ያለ መሣሪያ የምታዜመውን እከፍታለሁ። የሰው ድምፅ ሁላችንም ስለምናውቀው አያታልልም፤ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ከወጉ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) በዝቷል። ቀጥሎ በገናው። ከዚያ የድሮ የሸክላ ዘፈን። ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፤ በግራና በቀኝ የሚወጣው ድምፅ አንድ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ መቀመጫዎች መሐል ጎንበስ ብዬ ሳዳምጥ ዘፋኙ ከዳሽቦርዱ መሐል መምጣት አለበት። ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀና ባሱም ከሳሳ፣ የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጧል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባሱ ይጠፋል። ከበሮው ሲመታ ደግሞ መዳፌን በሩ ላይ አሳርፋለሁ። የበሩን ሽፋን ከሚይዙት የላላ ክሊፕ ካለ እጄ ላይ ይታወቀኛል። አሁን የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሞተራቸው ስለማይሰማ ያቺ ትንሽ ኳኳታ እንኳ ሰው ታስመርራለች።

የመጨረሻው ምንም የሌለበት ባዶ ቅጂ ነው። ብዙዎቻችሁን ያናደደው ይሄ መሰለኝ። «ሳይዘፍን ምን ታዳምጣለህ?» ብላችሁኛል። ሞተር አስነስቼ ነዳጅ ስሰጥ አብሮ የሚያፏጭ ነገር ካለ፣ ማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ገመድ) በደንብ አልያዘም፤ የዲናሞው ድምፅ ገብቷል። በዘፈን መሐል ይሄ አይሰማም። ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ በአያት መንገድ ወደ ቤት ስትገቡ ግን ትሰሙታላችሁ። ያኔ የምትረግሙት እኔን ነው።

ሁሉም 20 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ክፈቱ፤ የሠርግ ይሁን፣ መዝሙር ይሁን፣ ስፒከሩ የቻለውን ያህል። ዋስትና የምንሰጠው ግን በፍላሹ ለተፈተነ ብቻ ነው።

የሚወዱትን ዘፈን በአዲስ ቴፕ መስማት ምን ያህል እንደሚያስደስት አጥቼው አይደለም። ደንበኛ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ሲነቀንቅ እያየሁ ነው 11 ዓመት የሠራሁት። በኮንቴነር ስንጀምር አምናችሁ ቁልፍ የሰጣችሁን እናንተ ናችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ። «ኮርቷል» መባሌ ያንን ሁሉ የረሳሁ አስመሰለብኝ፤ ከፍቶኛል፣ አልደብቃችሁም።

ከአሁን በኋላ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ይህን ሁሉ ራሴ እነግራችኋለሁ። ለሚጠብቅ ሰው ጥላና ወንበር አዘጋጅተናል፤ ቡናም አለ።

ሥራው ሳያልቅ ለሄዱት ደንበኛችን፦ የቀኝ በሩ ትዊተር አልተገጠመም። ክሊፖቹን ጨምሬ በፌስታል ቋጥሬ፣ የታርጋዎን ቁጥር ጽፌበት አስቀምጬዋለሁ። በተመቸዎት ቀን ብቅ ይበሉ፤ እኔው ራሴ እገጥመዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት