ስህተቱን አትፋቁት፣ ከጎኑ ጻፉበት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከአካባቢ ሙዚየሞችና ከታሪክ ማኅበራት እያገኛችሁ የምታወጧቸውን የቆዩ ፎቶዎች እወዳቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን ስም የሚያጣራው ማን ነው?

የምጠይቀው ነገሩ እኛ ቤት ስለደረሰ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሙዚየም ቅድመ አያቴና ወንድሙ አብረው የተነሱትን ፎቶ ስማቸውን አቀያይሮ መዝግቦታል። ከካርድ ወደ ኮምፒውተር ገባ፤ ከኮምፒውተር ወደ ድረ ገጽ ወጣ፤ ከዚያ ያየ ሁሉ ገለበጠው። ዛሬ ልጅ ሳይወልድ የሞተው ሰውዬ ፊት ኢንተርኔት ላይ ባሉ የዘር ሐረጎች ውስጥ የአያቴ አባት ሆኖ ተቀምጧል። ስናመለክት "መዝገቡ የሚለው እንዲህ ነው" ተባልን። መዝገቡ የሚለውንማ እናውቃለን፤ የመጣነው እኮ እሱን ብለን ነው።

ስህተቱ እንዴት እንደገባ ፎቶው ራሱ ይናገራል። ከጀርባው በእርሳስ "ከግራ ወደ ቀኝ" ተብሎ ሁለቱ ስሞች ተጽፈዋል። ጽሑፉ ልክ ሊሆን ይችላል። ሙዚየሙ ያወጣው ቅጂ ግን ተገልብጦ የታተመ ነው። ኔጋቲቩ (ፎቶው የሚታተምበት ፊልም) በጀርባው ከታተመ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ስሞቹም ባለቤት ይቀያየራሉ። ማወቂያው የኮት ቁልፍ ነው። በወንድ ኮት ላይ ቁልፎቹ የሚሰፉት በለባሹ ቀኝ በኩል ነው። በዚህ ቅጂ ላይ የሁለቱም ወንድማማቾች ቁልፍ በግራ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ቀን በሴት ኮት ፎቶ ቤት ሄደ ካልተባለ በቀር፣ የተገለበጠው ፎቶው ነው። (በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የፎቶ ዓይነት፣ ዳጌሮታይፕ፣ እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ገልብጦ ነበር የሚያሳየው። የዚያን ዘመን ፎቶ ያለው ሰው ቁልፍ ብቻ አይቶ አይፍረድ።)

ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። ጆርጅ ዋሽንግተን ሲወለድ ቀኑ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ነበር። ዛሬ የልደቱ ቀን ተብሎ የሚጻፈው ግን ፌብሩዋሪ 22 ነው፤ ዓመቱም 1732። ማንም አልተሳሳተም። ብሪታንያና ቅኝ ግዛቶቿ በ1752 የዘመን አቆጣጠር ሲቀይሩ 11 ቀን ዘለሉ፤ አዲስ ዓመታቸውንም ከማርች 25 ወደ ጃንዋሪ 1 አመጡት። የእኛ ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ የ8 ዓመት ልዩነት አለው። በጥቅምት 1920 ተጋብተው በነሐሴ 1920 የወለዱ ባልና ሚስት እንበል። ለሁለቱም ቀን 8 ደምሮ የሚያልፍ መዝጋቢ ልጁን ከወላጆቹ ሠርግ በፊት ያስወልደዋል። የቤተሰቡ ስም የሚጠፋው በመደመር ነው ማለት ነው።

ታዲያ ይታረም ስንል አብዛኞቻችን "ይፋቅ" ማለታችን ነው። እዚህ ላይ ከገዛ ዘመዶቼ ጋር እንኳ አልስማማም። የተሳሳተው ስም በየሰዉ እጅ ባለ ቅጂ ላይ አለ። ከመዝገቡ ላይ ድምጥማጡ ከጠፋ፣ ነገ አሮጌውን ቅጂ ያገኘ ሰው አዲስ መረጃ ያገኘ መስሎት ስህተቱን መልሶ ያመጣዋል። ደግሞስ ቤተሰብ "ስህተት" የሚለው ሁሉ ስህተት ነው? የተደበቀ ልጅ፣ እስር፣ ዕዳ፣ ፍቺ ሁሉ በዚህ ሰበብ ይፋቅልኝ ይባላል። ሙዚየም ለጮኸ ሁሉ የሚፍቅ ከሆነ የመጨረሻው ጯሂ ያሸንፋል። ስለዚህ ትክክለኛው ስም ከላይ ይጻፍ። አሮጌው ከሥር "ቀድሞ እንዲህ ተመዝግቦ ነበር" ተብሎ ይቆይ። ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንዳሳረመው በአንድ መስመር ይግባ። በቃ።

ይህን በሕግ ማስገደድ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ እንኳ ሰው ስለራሱ የተመዘገበ ስህተት እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ቢሰጥም፣ ሙታንን አይመለከትም። የሟች ስም በአብዛኛው የሚታረመው በመዝገብ ቤቱ በጎ ፈቃድ ነው። በጎ ፈቃድ ደግሞ የሚገኘው በቁጣ ሳይሆን ሥራውን አቅልሎ በመቅረብ ነው። የዕቃውን መዝገብ ቁጥር፣ የተሳሳተውን ቃል እንዳለ፣ በምን እንዲተካ እንደምትፈልጉና ማስረጃውን በአንድ ገጽ ጻፉ። ኦሪጅናሉን ሳይሆን ቅጂውን ስጡ። "አያቴ ነግራኛለች" ማለትም ማስረጃ ነው፤ እሷ በዓይኗ አይታ ይሁን ሰምታ ግን አብራችሁ ግለጹ። ይህ ለወረቀትም ይሠራል። በሞት ምስክር ወረቀት ላይ ያለውን የልደት ቀን ብዙ ጊዜ የሚናገረው በዚያ ልደት ጊዜ ያልነበረ ሰው ነው።

እናንተም ብትተባበሩን። የሙዚየም ፎቶ ስታወጡ የመዝገብ ቁጥሩን ከሥሩ አትሙት፤ ስህተት ያየ አንባቢ የትኛውን ፎቶ ማለቱ እንደሆነ ለሙዚየሙ በቀላሉ መናገር ይችላል። እርማት ሲደርሳችሁም በእናንተ ገጽ ላይ አስተካክላችሁ አትለፉ፤ ደብዳቤውን ለሙዚየሙ ላኩላቸው። ከአንድ ግለሰብ ይልቅ ከጋዜጣ ለመጣ ደብዳቤ ቶሎ መልስ እንደሚሰጥ መቼም ታውቃላችሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ