ሳናየው ስለቀረው ገነተ ልዑልና ስለተዛባው የቤተ መንግሥት ጉብኝት የቀረበ ቅሬታ

ለአስጎብኚ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ወር «የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥቶች የአንድ ቀን ጉብኝት» የሚለውን ማስታወቂያችሁን አይቼ ለአባቴ፣ ለእኔና ለአጎቴ ልጆች ቦታ ያዝኩ። ክፍያውን በሙሉ አስቀድሜ ፈጽሜአለሁ፤ ደረሰኙ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ማስታወቂያው ሦስት ቦታ ይላል፦ አራት ኪሎ ያለው ታላቁ ቤተ መንግሥት፣ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት እና ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል። ሦስተኛውን አላየንም። ስላየናቸው ስለ ሁለቱም የተነገረን ታሪክ ስህተት ነበረበት።

ካላየነው ልጀምር። አባቴ የሚኖሩት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወጣት ሳሉ የተማሩት ስድስት ኪሎ ነው። ከመምጣታቸው በፊት በስልክ ደጋግመው የጠየቁኝ ስለ ገነተ ልዑል ነበር። እኔም ቦታ ስይዝ ይህንኑ ጻፍኩ። ሠራተኛችሁ በቴሌግራም «አታስብ፣ በደንብ ነው የምናሳያቸው» ብሎ መልሶልኛል። መልእክቱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ከምሳ በኋላ ግን ሚኒባሱ በፕሮግራሙ ላይ ወደሌለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ወሰደን። ከመካከላችን እንሂድ ያለ ሰው አልነበረም። አባቴ ሰዓታቸውን እያዩ ደጋግመው «ሙዚየሙ አይዘጋም ወይ?» አሉ። አስጎብኚው «እንደርሳለን» አለ። ስድስት ኪሎ ስንደርስ ተዘግቷል። ጥበቃው በትሕትና ነገረን። አስጎብኚው «በቃ ከውጭ ፎቶ ተነሡና እንሂድ» አለ።

ገነተ ልዑል ከውጭ ፎቶ ተነሥተውበት የሚሄዱት ቤት አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚያ ግቢ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ባለሥልጣናት የተገደሉት በዚያ ቤት፣ በአረንጓዴው ሳሎን ነው። አርበኛው ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። የጃንሆይ መኝታ ክፍል እዚያው ለጎብኚ ይታያል። አባቴ በዚያ በር የተመላለሱ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸውን ይዘው እንደገና ሊገቡበት ነበር ምኞታቸው።

እዚያው ግቢ ጣሊያን ያቆመው ደረጃ አለ። ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ተብሎ የተሠራ ነው ይባላል፤ አሁን አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። አባቴ ስለሱ እንዲነግረን አስጎብኚውን ጠየቁት። አያውቀውም። ለእኛ ያስረዱን አባቴ ናቸው፣ በከዘራ ተደግፈው፣ ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀ።

ከዚህ የባሰው ግን ጠዋት የሆነው ነው። ታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ደርግ እስር ቤት ወዳደረገው ምድር ቤት ስንወርድ አስጎብኚው «እነ ራስ አበበ አረጋይ የተገደሉት እዚህ ነው» አለ። ሁለት የተለያዩ እልቂቶችን አንድ አደረጋቸው። እነ ራስ አበበ የሞቱት ገነተ ልዑል፣ በ1953 ነው። ታላቁ ቤተ መንግሥት ታስረው የነበሩት እነ ቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ከርቸሌ ውስጥ ተረሸኑ። በመካከላቸው ወደ 14 ዓመት አለ። ገዳዮቹም፣ ምክንያቱም ሌላ ነው።

አባቴ ረጋ ብለው «ልጄ፣ እንደሱ አይደለም» ብለው ሊያስረዱት ሞከሩ። የተሰጣቸው መልስ «አባባ፣ ጊዜ የለንም» የሚል ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ። ይቺን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም።

ጃንሆይ በቮልስዋገን የተወሰዱትም ከዚያው ከታላቁ ቤተ መንግሥት እንደሆነ ነገረን። መስከረም 2 ቀን 1967 የተወሰዱት ግን ከኢዮቤልዩ ነው። ታላቁ ቤተ መንግሥት በኋላ ታስረው የሞቱበት፣ አፅማቸውም በ1984 የተገኘበት ግቢ ነው። የሚገርመው፣ ከሰዓታት በኋላ ኢዮቤልዩ ቆመን ነበር። ታሪኩ የተፈጸመበት ቦታ ላይ ሆነን አንድ ቃል አልተነገረም።

ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አስጎብኚው ያለውን ሁሉ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር። ያንን ደብተር ይዛ ነው ክፍል የምትገባው። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ሰው ሞቷል፤ የሟቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በዚህ ከተማ ይኖራሉ። ማን የት፣ በማን እጅ እንደሞተ አጥርቶ መናገር ከናንተ የገዛነው አገልግሎት ዋናው ክፍል ነው። መኪናውንማ ራሳችን እንከራይ ነበር።

ወጣቱ ከሥራው ይባረር እያልኩ አይደለም። ስንለያይ ለብቻው አነጋግሬዋለሁ። ዋዜማውን አንድ ወረቀት ተሰጥቶት እሱን ሸምድዶ እንደመጣ ነገረኝ። ታዲያ ጥፋቱ በዋናነት የላከው ድርጅት ነው። ሾፌራችሁ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ አባቴ ሲወጡና ሲወርዱ እጃቸውን ይዞ ደግፏቸዋል፣ እግዜር ይስጠው።

የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። አባቴ ወደ አሜሪካ ሳይመለሱ ገነተ ልዑልን ጠዋት፣ ቦታውን በሚያውቅ ሰው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አሳዩአቸው። ይህ ካልተቻለ የሦስተኛው ቦታ ገንዘብ ይመለስ፤ ለእኛ ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ለነበሩት ሁሉ። ለተማሪዋ ቤተሰብ ደውላችሁ የተሳሳተውን አርሙላት፤ ስልካቸው መዝገባችሁ ላይ አለ። ለአስጎብኚዎች የምትሰጡትን ወረቀት ታሪክ በሚያውቅ ሰው አስመርምሩት። የሱቁን ነገር ወይ ከፕሮግራሙ አውጡት፣ ወይ ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ጻፉትና ሰው አውቆ ይክፈል። ለአባቴም ከኃላፊዎቻችሁ አንዱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቃቸው። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ።

አባቴ የሚመለሱት በዚህ ወር መጨረሻ ስለሆነ መልሳችሁን ከዚያ በፊት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ