ጎርፉ ሳይደርስ ወሬው ይድረሰን፦ የድጋፍ ጥሪ

ጎርፉ በደረሰብን ሌሊት እኛ ዘንድ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም። ነፋሱ ብቻ ጣሪያ ሲገነጥል አምሽቶ ነበር፤ ዶፉን ያወረደው ከበላያችን፣ ተራራው ላይ ነው። ወንዙ ዳር የምንኖር ብዙዎቻችን የነቃነው ውሃው አልጋ ሥር ገብቶ ጫማ ሲያንሳፍፍ ነው። ልጆችን አዝለን፣ አረጋውያንን ደግፈን ኮረብታው ላይ ስንወጣ የታሰሩት ከብቶች ጩኸት ከኋላችን ይሰማ ነበር። ውሃው ሲሸሽ በየግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ትቶ ሄደ። የእኔ ቤት መስመር ከመስኮቱ ደፍ ላይ ነው፤ እስካሁን አላጠብኩትም።

ያን ሌሊት ያጣነው ጉልበት ሳይሆን ጊዜ ነው። የላይኛው መንደር ሰዎች የወንዙን መሙላት ከእኛ ቀድመው አይተዋል፤ ነገር ግን የስልኩ መስመር ከምሰሶው ጋር ወድቆ ስለነበር ሊነግሩን አልቻሉም።

ስለዚህ ከላይ ባለው ድልድይ አጠገብ በሴንቲሜትር የተከፋፈለ የውሃ ከፍታ መለኪያ ልንተክል ነው። ውሃው ቀዩን ምልክት ሲያልፍ ተረኛው በመገናኛ ሬዲዮ ይነግረናል፤ እኛም ሳይረን እናሰማለን። ሳይረኑ በእጅ የሚዞር እንዲሆን የመረጥነው ወጀብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠፋው መብራት ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ለውጥ መላመድ ኮሚሽን ሪፖርት፣ ከ24 ሰዓት በፊት የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ጉዳቱን በ30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። እኛ እንኳን 24 ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ብናገኝ ከብቱን ፈትተን፣ እህሉን ቆጥ ላይ ሰቅለን በደረቅ መሬት እንወጣለን። 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 60 ሴንቲሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ውሃው ከገባ በኋላ መሻገር ጀግንነት አይደለም።

ባለፈው ጊዜ ልብስ የላካችሁልንን እናመሰግናለን። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ እስካሁን በጆንያ ተቀምጧል። አሁን የሚያስፈልገን ለመለኪያውና ለሳይረኑ መግዣ የሚሆን ገንዘብ፣ የሚሠሩ መገናኛ ሬዲዮዎች፣ ባትሪ፣ ረጅም ገመድና የሕይወት አድን ጃኬት ነው። ገንዘቡ በኮሚቴው የጋራ ሒሳብ ይገባል፤ እያንዳንዱ ወጪ ከነደረሰኙ በስብሰባ ላይ ይነበባል። ገንዘብ የሌላችሁ ለአንድ ሌሊት ተረኛ ሁኑልን።

የመለኪያውን ጉድጓድ መቆፈር ጀምረናል። አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ያሉን ሁለት ብቻ ናቸው፤ የአንዱም እጀታ ተሰብሯል።