ያልፈነዳው ጉድጓድ የማን ነው?

ይድረስ ለአማራ ክልል የማዕድን ቢሮ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበቱ?

እኔ የፈንጂ ሠራተኛ ነኝ። ካባ፣ ማለትም ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ ብላስተር ነው የሚሉን። 18 ዓመት ሙሉ ጎጃም ውስጥ ድንጋይ ሳፈነዳ ኖሬያለሁ። ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ለመንገድም ለድልድይም ለክሬሸርም ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎት ደመወዝ ይጨመርልን ብዬ አይደለም። ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፈንጂ ተሞልቶ፣ ተለኩሶ፣ ሳይፈነዳ ስለሚቀር ጉድጓድ።

በፊውዝ፣ ማለትም ተለኩሶ እየነደደ ወደ ፈንጂው በሚገባ ገመድ ስንሠራ፣ ፍንዳታ ይቆጠራል። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ አንድ ካባ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ 14 ጉድጓድ ለኩሰን ወደ መከለያችን ሄድን። አይሮጥም፤ የሮጠ ይወድቃል። ረዳቴ በጣቱ ይቆጥራል፣ እኔ በአፌ። ጸጥ ሲል እኔ 13 አልኩ። እሱ 14 አለ። ሁለት ጉድጓድ እኩል ሲፈነዳ እንደ አንድ ይሰማል፤ ስለዚህ ማናችን እንደተሳሳትን ማወቅ አይቻልም። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ ትንሹን ቁጥር ነው የምናምነው። 30 ደቂቃ ማንም ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱም ፊውዝ እርጥበት ሲነካው ውስጥ ለውስጥ እያጨሰ ይቆይና ሰው ሲጠጋ ሊፈነዳ ይችላል።

ፎርማኑ ሰዓቱን እያየ መጣ። ሎደሩ የኪራይ ነው፤ የሚከፈልበት በሰዓት ነው። «ፈንድቷል በቃ፣ ምን ትጎለታላችሁ?» አለን። 30 ደቂቃዋን አስከበርኩ። ከዚያ ወጥቼ ፈለግኩ። የተፈነቀለው ድንጋይ ተከምሮበታል፤ ምንም አይታይም። «አንዱ ሳይፈነዳ ሳይቀር አይቀርም» አልኩት ፎርማኑን። በቃሌ ነው የነገርኩት። ማታ ፈረቃ ተቀየረ።

በማግስቱ ድንጋዩ ከተነሳ በኋላ ሌላ ቆፋሪ ጃክ ሀመሩን ይዞ ወጣ። ቆፋሪ አሮጌ ጉድጓድ ይወዳል። ልሙጥ ድንጋይ ላይ አዲስ ሲጀምር ብረቱ ይንሸራተትበታል፤ የድሮ ጉድጓድ ቂጥ ካገኘ ግን ሰተት ብሎ ይገባለታል። ልጁም ያገኘው ቀዳዳ ላይ ብረቱን ተከለ። ማንም አልነገረውም። እኔ ታች ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ድምፁን ስሰማ ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። በዚያ ሰዓት የሚፈነዳ ነገር መኖር አልነበረበትም። 14ኛው ነበር።

ልጁ 23 ዓመቱ ነበር። የግራ ዓይኑንና ሁለት ጣቶቹን አጣ። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ እናቱ እጄን ይዘው «ልጄ፣ አንተ ታውቅ ነበር እንዴ?» አሉኝ። አውቅ ነበር። እስከ ዛሬ መልሱን አልነገርኳቸውም። ያን ቀን ድንጋዩ ላይ ቀይ ቀለም መቀባት ነበረብኝ፤ አልቀባሁም። የምጽፍበት መዝገብ ቢኖር ኖሮ ደግሞ ነገሩ ከእኔ አፍና ከፎርማኑ ጆሮ መሃል አይጠፋም ነበር።

ጉድጓድ ለምን ሳይፈነዳ ይቀራል ቢሉኝ፣ የሠራተኛ ጥፋት ብቻ አይደለም። አንዱ ምክንያት የጎጃም ክረምት ነው። ብዙ ጊዜ የምንሞላው አንፎ የምንለውን፣ በናፍጣ የተለወሰ አሞኒየም ናይትሬት ነው። ርካሽ ነው። ለመያዝም ከድማሚት ይሻላል። ድማሚት በባዶ እጁ ሲነካ የዋለ ሰው ራሱን ሲፈልጠው ያድራል፤ ናይትሮግሊሰሪኑ በቆዳ ገብቶ የደም ሥር ስለሚያሰፋ ነው። አንፎ ይህ ጣጣ የለበትም። ግን ውሃ አይችልም። እንደ ጨው ይሟሟል። ሐምሌ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ምሳ በልተው ሲመለሱ ግማሹን ውሃ ሞልቶት ያገኙታል። በላስቲክ ካልተሞላ ወይም ውሃ የሚችል ፈንጂ ካልተገዛ፣ የላዩ ይፈነዳና የታችኛው ይቀራል።

ድንጋዩም አንድ ዓይነት አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ሲወርዱ አሸዋማ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂብሰም። ጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅ ይበዛዋል፤ አንዱ ጉድጓድ ሲፈነዳ የጎረቤቱን መስመር ሊቆርጠው ይችላል። የኖራ ድንጋይ ደግሞ አንዳንዴ ውስጡ ባዶ ነው። ቢጨምሩበት ቢጨምሩበት ይውጣል እንጂ አይሞላም። የዋጠው ሁሉ ደግሞ አይፈነዳም።

ክቡር ኃላፊ፣ የፈንጂ ቁጥጥር የለም ማለቴ አይደለም። ፈንጂው በፖሊስ ታጅቦ ይመጣል። መጋዘኑ ላይ ጠባቂ አለ። ካርቶኑ ይቆጠራል፣ ፈንጂውን የሚያስነሳው ካፕ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ወጪ ሲሆን ይፈረማል። መሆንም ያለበት እንዲህ ነው። ግን ቆጠራው መጋዘኑ በር ላይ ያልቃል። 14 ካፕ ወጪ ሆኖ 14 ጉድጓድ ውስጥ ከገባ፣ ወረቀቱ ላይ 14ቱም ሥራ ላይ ውለዋል። የፈነዳው 13 ብቻ ነው ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ የለም። እኔ በሠራሁባቸው ካባዎች አንድም ቀን አላየሁም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ብሷል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ጎጃም ውስጥ ብዙ ሥራ በድንገት ቆሟል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተቋራጩ ማሽኑን ጭኖ ይሄዳል። ብላስተሩም ይሄዳል። ካባው ይቀራል። ከዚያ ወይ የአካባቢው ወጣቶች ተደራጅተው ይረከቡታል፣ ወይ ለቤቱ መሠረት ድንጋይ የሚፈልግ ሰው መዶሻና ዲጂኖ ይዞ ይገባበታል።

አምና በሚኒባስ ሳልፍ፣ ድሮ የሠራሁበት ካባ አጠገብ ስደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። እንዲሁ ላየው ብዬ ነው። አንድ ስምንት ዓመት የሚሆነው እረኛ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። እጁ ላይ አምባር አለ። ቀይና ቢጫ ሽቦ ጥሩ አድርጎ ገምዶታል፤ ያምራል። የካፕ ሽቦ ነው። «ከየት አገኘኸው?» ስለው «ከዚያ ነዋ፣ ጋሼ! ብዙ አለ» ብሎ ወደ ገደሉ ጠቆመኝ።

የፈነዳ ካፕ ሽቦ ተበጣጥሶ ከድንጋዩ መሃል ይገኛል። እሱ ማንንም አይጎዳም። ልጁ ግን የቱ የፈነዳ፣ የቱ ያልፈነዳ እንደሆነ በምን ያውቃል? ይዞኝ ሄደ። ገደሉ ሥር ሁለት ሽቦ ከአንድ ቀዳዳ ወጥቷል። ሌላው ጫፉ ድንጋዩ ውስጥ ነው። ሽቦው አልተቆረጠም። «ይሄኛው እምቢ ብሎኝ ነው» አለኝ። ሲጎትተው ነበር ማለት ነው። ካፕ የእርሳስ ውፍረት ያላት አጭር የብረት ቱቦ ናት። ብቻዋን ጣት ትቆርጣለች፣ ዓይን ታጠፋለች። ከኋላዋ የተሞላ ጉድጓድ ካለማ ምኑ ይወራል።

አልነካሁትም። ዙሪያውን በድንጋይ አጥሬ፣ ልጁን ከዚያ አስወጥቼ፣ ቀበሌ ሄጄ ነገርኩ። «ካባው አሁን የማን እንደሆነ እኛም አናውቅም» አሉኝ። በዚያው ቀን አንዲት እናት የተቀደደ ከረጢት ውስጥ የቀረ አንፎ በሳፋ ሲሰበስቡ አገኘሁ። ዩሪያ መስሏቸው ነው። ለበቆሎው ሊያደርጉት።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። የካባ ፈቃድ በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ያልፋል። እያንዳንዱ ፈንጂ የሚጠቀም ካባ ያልፈነዳ ጉድጓድ መዝገብ ይኑረው። ስንት ጉድጓድ እንደተሞላ፣ ስንት እንደተሰማ፣ የቀረው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ማን እንዳየው፣ ማን በምን ቀን እንዳመከነው ይጻፍበት። ፈረቃ ሲቀየር ገቢው ፈረቃ አንብቦ ይፈርም። ተቋራጩ ሲወጣ መዝገቡን ለወረዳው አስረክቦ ይውጣ። ያልመከነ ጉድጓድ ካለ ደግሞ ካባውን አስረክቤያለሁ ማለት አይችልም ይባል። ለወጣቶች ካባ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ብላስተር ገብቶ ይየው፤ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስረዳ፣ መከላከያ እንዲሰጠው፣ አደጋ ሲደርስም እንዲመዘግብ ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ያ እረኛ ግን የማንም ሠራተኛ አይደለም። ለእሱ የሚደርስለት የካባ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ለእርስዎ የጻፍኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የማውቃቸው ብዙዎቹ ብላስተሮች ሥራውን የተማሩት እንደ እኔ ከሌላ ብላስተር ኋላ ቆመው ነው። እጃቸው ያውቃል፤ ወረቀት ግን የላቸውም። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ፎርማን ሲጮህበት 30 ደቂቃ ጠብቅ ለማለት ወኔ ያጣል። ፈትናችሁ ያለፈውን መዝግቡት፣ የወደቀውን አሠልጥኑት።

እኔ ከማስታውሰው ተነስቼ ደብተር ላይ መጻፍ ጀምሬያለሁ። እስካሁን ሰባት ካባ ደርሷል። የየትኛው ገደል፣ በየትኛው ጥግ፣ ከመንገዱ ስንት እርምጃ እንደሆነ አለበት። ሌሎች ጓደኞቼም የሚያውቁትን እንደሚነግሩኝ ቃል ገብተውልኛል። ደብተሩን ቢሮዎ ድረስ አመጣለሁ። ባለሙያ ከላኩ ደግሞ አብሬ ዞሬ አሳያለሁ፤ አበል አልጠይቅም። ብቻ ክረምቱ ሳይገባ ይሁን። ሰኔ ካለፈ ጭቃውና ሣሩ ይሸፍነዋል፤ እኔም ላላገኘው እችላለሁ። መጀመሪያ የምወስዳችሁ ያ እረኛ ወዳለበት ካባ ነው።

አክባሪዎ፣
አንድ የፈንጂ ሠራተኛ
ከደጀን