ይድረስ ለወንድሜ ለቁንጫው

ታምሩ ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ? እኔ ከሀፍረቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እትዬ ጽጌ ሲያርፉ እንኳ ሳልደውል ቀረሁ። ዛሬ ነገ ስል አራት ዓመት ሞላ፤ ሰበብ አልደረድርልህም።

ብዕር ያስነሳኝ አንድ ሽማግሌ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምሠራበት ፓርኪንግ አብሮኝ የሚያድር ጥቁር አሜሪካዊ አለ፤ የእነሱን ፉትቦል (ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን) ካነሳ ሌሊቱ አይበቃውም። «ፍሪትዝ ፖላርድ እኮ በ1986 ያረፈው እዚሁ ከተማችን ነው» አለኝ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። የድሮ የፉትቦል ተጫዋች ነው፤ እኔ ስሙን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ቺካጎ በ1894 ተወልዶ፣ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ሲማር የተማሪዎች ሱሪ እየተኮሰ ሳንቲም ይለቅም ነበር። በ1916 ሮዝ ቦውል በሚባለው ትልቅ የኮሌጆች ጨዋታ ላይ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። ከዚያ ኦሃዮ ወርዶ ለአክሮን ከተማ ቡድን በክፍያ ተጫወተ። ክብደቱ ግን 75 ኪሎ ገደማ! ተጋጣሚዎቹ ጥለውት እንኳ እላዩ ላይ ሊከመሩ ይመጣሉ። እሱ ታዲያ በጀርባው ተንጋሎ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ወደ ላይ ያወራጫል፤ ታኬታው ፊቱ ላይ እንዳያርፍ የፈራ ይሸሻል።

ይኼኔ አንተ መጣህብኝ። የጨርቅ ኳሷን ይዘህ እነዚያ ጎረምሶች መሀል ትገባና፣ ሲጥሉህ እንደ ጃርት ትጠቀለል አልነበር? «ቁንጫ» ያልንህ በከንቱ አይደለም።

ዛሬ ኤን.ኤፍ.ኤል የሚባለው የፉትቦል ሊግ በተመሠረተበት በ1920 አክሮን 11 ጊዜ ተጫውቶ 8 አሸነፈ፣ 3 አቻ ወጣ፤ በጠቅላላው የገባበት 7 ነጥብ ብቻ ነው። ዋንጫውን ወሰዱ። ፖላርድ ግን ከቡድኑ ባለቤቶች አንዱ የሲጋራ ቤት ውስጥ ልብሱን ቀይሮ በመኪና ነበር ወደ ሜዳ የሚወስዱት፤ የገዛ ከተማው ተመልካች ይሰድበው ነበርና። በ1921 ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆነ። ከሱ በኋላ ሌላ ጥቁር ዋና አሠልጣኝ እዚያ ሊግ የታየው መቼ መሰለህ? በ1989!

ከ1926 በኋላ ሊጉ ውስጥ አልተጫወተም። ከ1934 እስከ 1946 ጭራሽ አንድም ጥቁር አላስገቡም። ፖላርድ በዚያን ጊዜ ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ የጥቁሮች ቡድን ያሠለጥን ነበር። ልጁ ደግሞ በ1936 በርሊን ላይ በ110 ሜትር መሰናክል ነሐስ አመጣ፤ ይቺን ለአንተ ብዬ ነው፣ ሩጫ እንደምትወድ አውቃለሁ።

የአክሮን ጎረቤት በሆነችው በካንተን ያለው የፉትቦል የዝና አዳራሽ ስሙን ያስገባው በ2005 ነው። ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ። ሽማግሌው ይህን ተናግሮ ቡናውን ፉት አለና ዝም አለ። እኔ ግን እትዬ ጽጌ ትዝ አሉኝ፤ ያን ሌሊት ሥራዬን እንዴት እንደጨረስኩት እንጃ።

እሁድ በእናንተ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ልትሰድበኝም ቢሆን አንሳው።